የዛፍን ካርቦን በሜትርና በገመድ፦ ለጎጃም የሁለተኛ ደረጃ መምህራን ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህ ጽሑፍ በጎጃም ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ለሚያስተምሩና የአካባቢ ጥበቃ ክበብ ለሚመሩ መምህራን ነው። ጥያቄዎቹ ስለ ደንና ካርቦን ሲነሳ መምህራን፣ ተማሪዎችና ወላጆች የሚጠይቋቸው ናቸው። አቋሜን ገና ከመነሻው ልናገር። ትምህርት ቤቶቻችን በየክረምቱ ችግኝ ይተክላሉ፤ ይሄ ጥሩ ነው። ግን የቆመውን ዛፍ የሚለካ ተማሪ ማግኘት ይቸግራል። ተማሪው ዛፉን ለክቶ፣ አስልቶ፣ በዓመቱ ተመልሶ እንደገና ሲለካው ነው ካርቦን የሚባለው ነገር በትክክል የሚገባው።

ዛፍ ውስጥ ካርቦን አለ ሲባል ተማሪው በምን ይመን?

በከሰል ጀምሩ። ከሰል የማያውቅ ተማሪ የለም። እንጨት አየር አጥሮት ሲቃጠል ውኃውና ጋዙ ይወጣል፤ የሚቀረው ጥቁር ነገር አብዛኛው ካርቦን ነው። አንድ ቁራጭ ከሰል ይዛችሁ ክፍል ግቡና «ይህ ዛፍ ውስጥ ከየት መጣ?» ብላችሁ ጠይቁ። ብዙዎቹ «ከአፈር» ይላሉ።

እዚህ ላይ የቤልጅጉን ሐኪም የቫን ሄልሞንትን ሙከራ ንገሯቸው። ሥራው የታተመው እ.ኤ.አ. በ1648 ነው። 90 ኪሎ ገደማ የሚመዝን ደረቅ አፈር በትልቅ ገንቦ አድርጎ አንድ የአኻያ ችግኝ ተከለበት። 5 ዓመት ሙሉ ውኃ ብቻ አጠጣው። ዛፉ ከ70 ኪሎ በላይ ጨመረ፤ አፈሩ ግን የቀነሰው 57 ግራም ያህል ብቻ ነበር። ሰውዬው ዛፉ የተሠራው ከውኃ ነው ብሎ ደመደመ። ዛፍ አየር ውስጥ ያለውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ እንደሚወስድ በዘመኑ አላወቀም። ዛፉ ግንዱን የሚሠራው ከዚያ ጋዝ ካርቦኑን ወስዶ፣ ከውኃ ጋር በፀሐይ ኃይል አዋህዶ ነው። ተማሪዎቹ የሄልሞንት ስህተት የት ላይ እንደሆነ እርስ በርስ እንዲከራከሩ ተዉአቸው። መልሱን ቶሎ አትንገሯቸው፤ ክርክሩ ራሱ ብዙ ያስተምራቸዋል።

ከኢንዱስትሪ ዘመን በፊት ከአንድ ሚሊዮን የአየር ቅንጣት ውስጥ 280 ያህሉ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነበር። ዛሬ ከ420 በላይ ነው። ልዩነቱ ከድንጋይ ከሰል፣ ከነዳጅና ከተመነጠረ ደን የመጣ ነው። ዛፍ ይህን ጋዝ ወስዶ እንጨት ያደርገዋል። እንጨቱ እስኪቃጠል ወይም እስኪበሰብስ ድረስ ካርቦኑ እዚያው ይቆያል።

ላቦራቶሪ የለንም። ምን መሣሪያ ያስፈልጋል?

የልብስ ሰፊ ሜትር፣ 15 ሜትር ያህል ገመድ፣ ጠመኔ፣ ፕሮትራክተር፣ ክር፣ አንድ ዳዶ፣ ያለቀ እስክሪብቶ ቀፎ፣ ደብተር። ሚዛን ካገኛችሁ ጥሩ ነው፤ ከገበያ በውሰት ይገኛል። ስልክ ያለው መምህር ካልኩሌተር አለው። በቃ።

ከየት እንጀምር?

ከግቢያችሁ ካለው አንድ ዛፍ። ጽድ ይሁን ዋንዛ፣ ግራር ይሁን ግራቪሊያ ለውጥ የለውም። በመጀመሪያው ቀን ጫካ መሄድ አያስፈልግም። መንገድ የማይመችበት ጊዜም ብዙ ነው፤ በተለይ ባለፉት ዓመታት ትምህርቱ እየተቋረጠ በቆየባቸው ወረዳዎች ከግቢ አለመውጣት ብልህነት ነው። ግቢው ብቻውን የአንድ ሴሚስተር ሥራ ይወጣዋል።

የግንዱ ዙሪያ የሚለካው ከመሬት 1.3 ሜትር ከፍታ ላይ ነው። የሰው ደረት ገደማ ማለት ነው። በዓለም ዙሪያ ያሉ አብዛኞቹ የደን ባለሙያዎች እዚሁ ከፍታ ላይ ስለሚለኩ የናንተም ቁጥር ከሌላው ጋር ይነጻጸራል። 1.3 ሜትር የሆነ ቀጥ ያለ ዱላ ቁረጡና ከዛፉ ጎን አቁሙት፤ ጫፉ በሚደርስበት ላይ በጠመኔ ምልክት አድርጉ። ዙሪያውን ለክታችሁ ለ3.14 ስታካፍሉት ዲያሜትሩን ታገኛላችሁ።

የሚያሳስቱ ነገሮች አሉ። መሬቱ ተዳፋት ከሆነ ከላይ በኩል ቁሙ። ግንዱ ከ1.3 ሜትር በታች ለሁለት ከተከፈለ ሁለቱንም እንደ ሁለት ዛፍ ለኩ። ምልክቱ ላይ እብጠት ወይም የቅርንጫፍ ጉጥ ካለ ትንሽ ከፍ ብላችሁ ለኩና ያን ጻፉ። ሜትሩ ዘሞ እንዳይጠመጠም አንድ ተማሪ ዞር ብሎ ይይ። ሐረግ ካለ ከሥሩ አሾልኩት እንጂ አትቁረጡት።

ዛፉ ላይ ሳንወጣ ቁመቱን እንዴት እናውቃለን?

ፕሮትራክተሩን ገልብጡት፤ ቀጥ ያለው ጎን ወደ ላይ ይሁን። በቀጥተኛው ጎን ላይ የእስክሪብቶውን ቀፎ ለጥፉ። ከመሐሉ ክር አስራችሁ ዳዶውን አንጠልጥሉ። ተማሪው በቀፎው አሾልቆ የዛፉን ጫፍ ሲያይ ክሩ አንድ ቁጥር ላይ ያርፋል። ያ ቁጥር ከ90 ያለው ልዩነት የምትፈልጉት አንግል ነው።

ለምሳሌ ከዛፉ 15 ሜትር ርቃችሁ ቆማችሁ 35 ዲግሪ አገኛችሁ እንበል። የ35 ዲግሪ ታንጀንት 0.70 ነው። 0.70 በ15 ሲባዛ 10.5 ሜትር። የተማሪው ዓይን ከመሬት 1.5 ሜትር ላይ ከሆነ ያንን ደምሩ፤ ዛፉ 12 ሜትር ነው። ትሪጎኖሜትሪ ምን ይሠራል የሚል ተማሪ እዚህ ላይ መልሱን ያገኛል። አንግሉ 45 ዲግሪ እስኪሆን ወደ ኋላ እየሄዱ ርቀቱን መለካትም ይቻላል፤ ያኔ ማባዛት እንኳን አይፈልግም። ሜዳው መስተካከሉን ግን አረጋግጡ።

ዙሪያና ቁመት ይዘን ወደ ካርቦን እንዴት እንሻገራለን?

ዋናው ነገር እዚህ ስለሆነ ቀስ ብለን እንሂድ።

እ.ኤ.አ. በ2014 ሻቭ የሚባል ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር ከብዙ የሐሩር አገሮች የተቆረጡና የተመዘኑ ዛፎችን መረጃ ሰብስቦ አንድ ቀመር አወጣ። የእንጨቱን ጥግግት፣ የዲያሜትሩን ስኩዌርና ቁመቱን ታባዛላችሁ። ውጤቱን በ0.976 አርቢ ከፍ ታደርጋላችሁ። ከዚያ በ0.0673 ታባዛላችሁ። የሚወጣው ከመሬት በላይ ያለው የዛፉ ደረቅ ክብደት በኪሎ ነው። ዲያሜትሩ በሴንቲሜትር፣ ቁመቱ በሜትር፣ ጥግግቱ በግራም ለኪዩቢክ ሴንቲሜትር መሆን አለበት።

ዙሪያው 94.2 ሴንቲሜትር የሆነ ዛፍ ዲያሜትሩ 30 ነው። ቁመቱ ቅድም ያየነው 12 ሜትር ይሁን። ጥግግቱን 0.5 እንውሰድ። 0.5 በ900 በ12 ሲባዛ 5,400። ይህ በ0.976 አርቢ 4,393 ገደማ ይሆናል። በ0.0673 ሲባዛ 296 ኪሎ ይመጣል።

ከደረቅ እንጨት ክብደት ውስጥ ካርቦኑ ግማሹ ከመሰላችሁ ትንሽ ዝቅ አድርጉት፤ በስሌት የሚወሰደው 0.47 ነው። 296 በ0.47 ሲባዛ 139 ኪሎ ካርቦን። አንድ ዛፍ!

አሁን ወደ ጋዙ እንመለስ። የካርቦን አቶም ክብደት 12 ነው፤ የካርቦን ዳይኦክሳይድ 44። 44 ለ12 ሲካፈል 3.67። ስለዚህ 139 ኪሎ ካርቦን ከአየር ላይ 510 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወስዷል ማለት ነው። አንድ ሊትር ናፍጣ ሲቃጠል 2.7 ኪሎ ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለቃል። ከደብረ ማርቆስ አዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በ100 ኪሎ ሜትር 30 ሊትር የሚጠጣ አውቶቡስ ደርሶ መልስ ሲሄድ የሚለቀውን ተማሪዎቹ ራሳቸው ያስሉት። የዚያን ዛፍ ያህል ይመጣላቸዋል። ዛፉ ይህን ለመሰብሰብ ስንት ዓመት ፈጀ? አውቶቡሱስ ለመልቀቅ? ይህን ጥያቄ ክፍሉ ውስጥ ጣል አድርጉት።

አርቢው ለ9ኛ ክፍል ከከበደ እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣ ቀለል ያለ ቀመር አለ፤ ያንኑ ብዜት በ0.0509 ማባዛት ብቻ ነው። ለእኛ ዛፍ 275 ኪሎ ይሰጣል። 296 እና 275 ለምን ተለያዩ? ቀመር ግምት ስለሆነ ነው። ሳይንስ አንዳንዴ ሁለት መልስ ይዞ እንደሚቀመጥ ተማሪ ቢያይ ጥሩ ነው።

የእንጨቱን ጥግግት ከየት እናመጣለን?

ራሳችሁ ለኩት። ከአናጢ ቤት ዓይነቱ የታወቀ ቁራጭ ለምኑ። ቁራጩ ደረቅ ስለሆነ ጥቂት ቀን ውኃ ውስጥ ዘፍዝፉት፤ ይዘቱ የሚለካው ውኃ እንደጠጣ ነው። እስከ አፉ የሞላ ዕቃ ውስጥ በቀጭን ሽቦ ጫን አድርጋችሁ ድፈቁት። የፈሰሰውን ውኃ ሰብስባችሁ መዝኑ፤ 1 ግራም ውኃ 1 ሚሊ ሊትር ነው። ከዚያ ቁራጩን ክብደቱ መቀነሱን እስኪያቆም አድርቁት። ደረቁ 260 ግራም ሆኖ ውኃው 500 ግራም ከነበረ ጥግግቱ 0.52 ነው።

ወይራና ዋንዛን ጎን ለጎን አስለኳቸው። ወይራ ለምን ከባድ እንደሆነ ወፍጮ ቤትም እርሻም ያደገ ልጅ በእጁ ያውቃል። አሁን ያንን ዕውቀቱን በቁጥር ያየዋል።

በቤተ ክርስቲያን ዐፀድ ውስጥ መለካት ይፈቀዳል? ነውር አይሆንም?

በአክብሮት ከተጠየቀ ብዙ ጊዜ ይፈቀዳል። ነገሩ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። እኔ በግሌ በጎጃም ስለ ደን ካርቦን ለማስተማር ከዚህ የተሻለ ቦታ አላውቅም።

ከጮቄ ተራራ ወርዳችሁ በእርሻው መሐል ተመልከቱ። ቀና ብላችሁ የምታዩት ጥቁር አረንጓዴ ክብ ሁሉ ታቦት ያለበት ነው። የደጋው የተፈጥሮ ደን አብዛኛው ለእርሻና ለማገዶ ሲያልቅ የተረፈው እዚያ ነው። ጽዱ፣ ወይራው፣ ዝግባው፣ ጥቁር እንጨቱ፣ ዶቅማው። በዘጌ ደግሞ በሬ ጠምዶ ማረስ በልማድ የተከለከለ ስለሆነ ደኑ ከቡናው ጋር አብሮ ቆይቷል። እነዚህን ዛፎች ያቆየልን የአባቶች ሥርዓት ነው፤ ተማሪው ይህን ሳያውቅ ቁጥር ብቻ ይዞ መምጣት የለበትም።

አስቀድማችሁ አስተዳዳሪውንና ሰበካ ጉባኤውን አናግሩ። ተማሪ አትላኩ፤ ራሳችሁ ሂዱ። ምን እንደምትለኩ፣ ምንም እንደማትቆርጡ፣ ምስማር እንደማትመቱ፣ ቀለም እንደማትቀቡ ንገሯቸው። የቅዳሴና የበዓል ቀን አትሂዱ። ነጠላ የሚያስፈልግ ከሆነ ለተማሪዎች ቀድማችሁ ንገሩ። ሴቶች የማይገቡባቸው ገዳማት አሉ፤ በጣና ላይ ያለው ክብራን ገብርኤል አንዱ ነው። እንዲህ ያለ ቦታ መርጣችሁ ሴት ተማሪዎችን ውጭ እንዳታስቀሩ፤ ሁሉም የሚገባበትን አጥቢያ ምረጡ። ሌላ እምነት ያለው ተማሪ ካልተመቸው ደግሞ ሳታስጨንቁት የግቢውን ሥራ ስጡት።

ከተቻለ አንድ አባት ወይም መሪጌታ አብረው ይዙሩ። የዛፉን ስም፣ ማን እንደተከለው፣ የትኛው ዛፍ ከደብሩ ዕድሜ እንደሚበልጥ እሳቸው ናቸው የሚያውቁት። ተማሪዎቹ «አባ፣ ይህ ዛፍ እርስዎ ልጅ ሳሉ ምን ያህል ነበር?» ብለው ይጠይቁ። ያን መልስ ከዲያሜትሩ ጎን ይጻፉት።

አሁን ስሌቱን እዩ። ዲያሜትሩ 60 ሴንቲሜትር፣ ቁመቱ 18 ሜትር የሆነ ዛፍ በዚያው በ0.5 ጥግግት 1,700 ኪሎ ያህል ደረቅ ክብደት አለው። ውፍረቱ ከመጀመሪያው ዛፍ እጥፍ ነው፤ ክብደቱ ግን ወደ ስድስት እጥፍ ይጠጋል። 7 ሴንቲሜትር ውፍረትና 9 ሜትር ቁመት ያለው አጣና ደግሞ ጥግግቱ 0.6 ቢሆን እንኳን 16 ኪሎ አይሞላም። አንዱን ሽማግሌ ዛፍ ለመተካት ከ100 በላይ አጣና ያስፈልጋል ማለት ነው። «አንድ ቢቆረጥ አስር እንተክላለን» የሚለውን አባባል ተማሪዎቹ በዚህ ቁጥር ይመዝኑት።

ሌላ ጥሩ ሥራም አለ። በኢትዮጵያ ደን ለመባል ቦታው ቢያንስ 0.5 ሄክታር፣ የዛፎቹ ቁመት ቢያንስ 2 ሜትር፣ የጥላው ሽፋን ቢያንስ 20 በመቶ መሆን አለበት። 0.5 ሄክታር ሁለት ጥማድ ገደማ ነው። የአጥቢያችሁ ዐፀድ ደን ይባላል ወይስ አይባልም? በገመድ ለክተው ይመልሱ። አጥር ያለውንና የሌለውን ዐፀድ ማወዳደርም ይቻላል። በጣና ዙሪያ አንዳንድ አብያተ ክርስቲያናት የደን ተመራማሪው ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴና አሜሪካዊቷ ሜግ ሎውማን ባገዙት ሥራ የድንጋይ አጥር ሠርተዋል። ከብት የማይገባበት ዐፀድ ውስጥ ከትልልቆቹ ዛፎች ሥር ችግኝ ይበቅላል። ከብት የሚገባበት ውስጥ ግን ሽማግሌዎቹ ብቻቸውን ቆመው ይታያሉ።

ባሕር ዛፍና ደከረንስስ? እነሱም ካርቦን ይይዛሉ አይደል?

ይይዛሉ፤ በፍጥነትም ይይዛሉ። ይህን መካድ ለተማሪ ውሸት ማስተማር ነው። የብዙ ገበሬ ልጅ ደብተርና ዩኒፎርም የተገዛው በባሕር ዛፍ ነው።

የሚለየው ካርቦኑ የሚቆይበት ጊዜ ነው። በአዊ፣ በተለይ በፋግታ ለኮማ፣ ገበሬው ደከረንስ የሚባለውን ፈጥኖ የሚያድግ የግራር ዓይነት ይተክላል። በመጀመሪያው ዓመት ከጤፍ ጋር ያበቅለዋል። ከ4 እስከ 6 ዓመት ቆይቶ ይቆርጠውና ከሰል ያከስለዋል። መሬቱን አርሶ እንደገና ይተክላል። ከሰሉ ባሕር ዳር ወይም አዲስ አበባ ምድጃ ውስጥ ሲነድ ካርቦኑ ወደ አየር ተመለሰ። አዲሱ ችግኝ ደግሞ መልሶ ይስበዋል። ገቢና ወጪ እንዳለው የባንክ ደብተር ነው፤ ገንዘቡ ይንቀሳቀሳል፣ የሚቀመጠው ግን ትንሽ ነው።

በሌላ በኩል ይህ ከሰል ባይኖር ሰው ወደ ተፈጥሮ ደኑ መዞሩ አይቀርም ነበር። ደከረንስ ናይትሮጅን ወደ አፈር ስለሚያስገባ የደከመውን አሲዳማ መሬትም ያግዛል። በቅርብ ዓመታት ደግሞ ዛፉን በሽታ መታውና በአንድ ዛፍ ላይ የተንጠለጠለ ኑሮ ምን እንደሚገጥመው አሳየ። ክፍሉን በሁለት ከፍላችሁ አከራክሩ። ከአዊ የመጣ ተማሪ ካለ እሱ ይጀምር፤ ከመጽሐፉ ይበልጥ ያውቃል።

ለሥራው ደግሞ በ2፣ በ3 እና በ5 ዓመት ዕድሜ ያሉ የደከረንስ ማሳዎችን በባለቤቶቹ ፈቃድ ለኩ። ዕድሜውን ገበሬው ይነግራችኋል። በዕድሜና በካርቦን መካከል ያለውን ግንኙነት በግራፍ ማውጣት ከዚህ የቀለለ ቦታ አይገኝም። የሻቭ ቀመር ለተፈጥሮ ዛፎች የተሠራ ስለሆነ በተተከለ ዛፍ ላይ ግምቱ ላላ እንደሚል ግን ጻፉ።

ሙሉ ደን እንዴት ይለካል? እያንዳንዱን ዛፍ?

አይደለም፤ ናሙና ነው። 11.28 ሜትር ገመድ ቁረጡ። አንዱን ጫፍ መሐል ላይ በችካል ይዛችሁ ዙሩ። ክቡ 400 ካሬ ሜትር ይሆናል፤ የሄክታር 25ኛ ክፍል። ውስጡ ያሉትን ከ5 ሴንቲሜትር በላይ ዲያሜትር ያላቸውን ዛፎች ሁሉ ለኩ፣ ካርቦናቸውን ደምሩ፣ በ25 አባዙ። ክቡ ውስጥ 2,000 ኪሎ ካርቦን ካለ በሄክታር 50 ቶን ነው። ተዳፋት ላይ ገመዱን በአየር ላይ አግድም ዘርጉት እንጂ ከመሬቱ ጋር አታስተኙት። ቦታውን ደግሞ ዛፍ ስለበዛበት አትምረጡ፤ ተማሪዎች ሁልጊዜ ትልቁ ዛፍ ጋ ነው መቆም የሚፈልጉት። ካርታ ላይ በዕጣ አውጡ።

አፈሩ ውስጥ ያለውስ?

በዓለም ላይ አፈር የያዘው ካርቦን አየርና ዕፅዋት አንድ ላይ ከያዙት ይበልጣል። ትምህርቱ ይህን ከዘለለ ይጎድላል። ግን የአፈርን ካርቦን በትክክል መለካት ላቦራቶሪ ይፈልጋል፤ ስለዚህ በትምህርት ቤት ደረጃ ማወዳደር ይበቃል።

በመጀመሪያ የወደቀውን ቅጠል። ከእንጨት 50 በ50 ሴንቲሜትር የሆነ አራት ማዕዘን ሥሩ። መሬት ላይ ጣሉት፣ ውስጡ ያለውን ደረቅ ቅጠል ሰብስቡ፣ በፀሐይ አድርቁ፣ መዝኑ። 150 ግራም ከሆነ በሄክታር 6 ቶን ነው። ከዚህ ውስጥ ካርቦኑ 0.37 ያህሉ ነው።

ቀጥሎ ውኃ። ግርጌና አፉ የተቆረጠ ቆርቆሮ አፈሩ ላይ ጫን አድርጋችሁ አንድ ኩባያ ውኃ ጨምሩ። ምን ያህል ደቂቃ ፈጀ? በዐፀዱ ውስጥና ከአጥሩ ውጭ ባለው እርሻ ላይ ለኩ። ልዩነቱን ያየ ተማሪ ጮቄ ለምን የወንዞች እናት እንደሚባል ማስረጃው በእጁ ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ። «ጥቁር አፈር ካርቦን አለው» ብላችሁ እንዳታልፉት። ዋልካ ጥቁር የሆነው ካርቦን ስለበዛበት አይደለም፤ የሸክላው ጠባይ ነው። ስለዚህ ዋልካን ከዋልካ፣ ቀዩን ከቀዩ ጋር አወዳድሩ።

በክፍሌ ብዙ ተማሪ አለ። እንዴት ይቻላል?

አምስት አምስት ሆነው ይከፋፈሉ። አንዱ ሜትር ይይዛል፣ አንዱ አንግል ያነባል፣ አንዱ ርቀት ይለካል፣ አንዱ ይጽፋል፣ አንዱ ይፈትሻል። በየዛፉ ሥራ ይለዋወጡ። ካልተለዋወጡ ወንዶቹ ሜትሩን፣ ሴቶቹ ደብተሩን ይዘው ይቀራሉ፤ ይህን ደጋግሜ አይቻለሁ፤ መምህሩ ካልተናገረ በራሱ አይስተካከልም።

ሁሉም ቡድን አንድ የጋራ ዛፍ ይለካ። ውጤታቸውን ሰሌዳ ላይ ጻፉት። አንዱ 28፣ ሌላው 31 ይላል። ዲያሜትር 10 በመቶ ቢሳሳት ክብደቱ 20 በመቶ ያህል ይሳሳታል፤ ለምን እንደሆነ ከቀመሩ ያግኙት። የተለየ ቁጥር ያመጣውን ቡድን አትቆጡ። ሄደው እንደገና ይለኩ።

በየትኛው ወር ይሻላል?

ጥቅምት። ዝናቡ አቁሟል፣ ቅጠሉ አለ፣ አጨዳው ገና አልጠነከረም። በኅዳርና በታኅሣሥ ብዙ ተማሪ ለቤተሰቡ አዝመራ ይሰበስባል፤ ያኔ የቤት ሥራ አታብዙ። የወደቀ ቅጠል ለመሰብሰብ የካቲት ጥሩ ነው።

ፈተና ላይ አይመጣም የሚሉ ወላጆችና ርዕሳነ መምህራን አሉ።

ታንጀንት ይመጣል። አርቢ ይመጣል። የአቶም ክብደት ይመጣል። ፎቶሲንተሲስ ይመጣል። ናሙናና አማካይ ይመጣል። የአራት መምህራንን ክፍለ ጊዜ አንድ ዛፍ ሥር ማገናኘት ይቻላል። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ስለሆነ ሪፖርቱን በእንግሊዝኛ ያስጽፉ፤ ሜዳ ላይ ግን በአማርኛ ወይም በአውንጊ ያስረዱ። ያልገባውን ነገር በሌላ ቋንቋ ጽፎ ማንም አያልፍም።

ዛፎቻችንን ለክተን የካርቦን ገንዘብ ማግኘት እንችላለን?

ተማሪዎች ይህን ሳይጠይቁ አይቀሩም። በአጭሩ፦ በትምህርት ቤት ልኬት አይቻልም። በአገራችን ግን የታወቀ ምሳሌ አለ። በወላይታ ሁምቦ 2,700 ሄክታር ገደማ የተራቆተ ተራራ ከተቆረጡት ዛፎች ጉቶ በሚያቆጠቁጥ ቡቃያ እንዲያገግም ተደርጎ፣ ማኅበረሰቡ ከካርቦን ሽያጭ ገቢ አግኝቷል። እዚያ ለመድረስ በሕግ የታወቀ ማኅበር፣ ገለልተኛ አረጋጋጭና ብዙ ዓመት ያስፈልጋል። ለተማሪ የውሸት ተስፋ አትስጡት። ግን ዛፍ ለክቶ ማስላት ሙያ መሆኑን፣ በዚህ የሚተዳደሩ ባለሙያዎች መኖራቸውን ንገሩት።

ችግኝ መትከሉንስ እንተወው?

እንዴት ተደርጎ! የአረንጓዴ ዐሻራ ዘመቻ እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ በየክረምቱ አለ፤ ተማሪዎቻችሁም ይሳተፋሉ። እናንተ የምትጨምሩት ቆጠራውን ነው። በሐምሌ የተተከለውን በጥቅምት፣ ከዚያም በግንቦት ሄዳችሁ ቁጠሩ። ስንቱ ቆመ? ስንቱን ከብት በላው? ስንቱ ደረቀ? የጸደቀውን በመቶኛ አውጡ። ችግኝ በተተከለበት ዓመት የያዘው ካርቦን በግራም የሚቆጠር ነው። ዋጋው የሚመጣው ከቆየ ብቻ ነው፤ ስለዚህ የውኃ ተረኛና አጥር ከተከላው ቀን ፎቶ ይበልጣል።

ፕሮጀክቱ በአንድ ዓመት እንዳይቀር ምን እናድርግ?

መዝገብ ክፈቱ። ጠንካራ ሽፋን ያለው ደብተር ይሁን፤ በቤተ መጻሕፍት ይቀመጥ እንጂ በአንድ መምህር ቦርሳ ውስጥ አይኑር፤ መምህር ይዛወራል። በየገጹ አንድ ዛፍ፦ የአገር ስሙ፣ ቦታው በንድፍ ካርታ፣ የተለካበት ቀን፣ ዙሪያ፣ ቁመት፣ የለኩት ተማሪዎች ስም። በግቢው ዛፎች ላይ 1.3 ሜትሩን በቀለም ምልክት ማድረግ ይቻላል፤ በዐፀድ ውስጥ ግን ዱላው ይበቃል፤ በየትኛው ጎን እንደቆመ ጻፉ።

ዲያሜትሩ ከ30 ወደ 31 ሴንቲሜትር ያደገ ያ የመጀመሪያው ዛፍ ቁመቱ ባይጨምር እንኳን 20 ኪሎ ያህል ደረቅ ክብደት ጨምሯል። ከዚያ ውስጥ 9 ኪሎው ካርቦን ነው። የ9ኛ ክፍል ተማሪ ለክቶ 12ኛ ክፍል ሲደርስ ያንኑ ዛፍ ቢለካ ልዩነቱን በራሱ እጅ ጽሑፍ ያየዋል። የቀበሌውን የግብርና ባለሙያ በዓመት አንዴ ጋብዙና መዝገቡን አሳዩአቸው። በባሕር ዳር፣ በደብረ ማርቆስና በእንጅባራ ዩኒቨርሲቲዎች ላሉ የባዮሎጂ ወይም የግብርና መምህራንም ደብዳቤ ጻፉ። ደብዳቤውን ተማሪዎቹ ይጻፉት፤ ከለኩት ቁጥር አንድ ገጽ ግልባጭ አያይዙበት።